ቀይ ጠብታ ያለበት ሞተሪኖ

ኮልፌ ውስጥ መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ ወደ ጉዳዩ የሚሄድ ሰው ብዙም የለም። ልምድ ያለው ሰው መቀመጫ ዱካ ይፈልግና ከመኪናው አጠገብ ይቀመጣል። መካኒኩ ሲጎነበስ አብሮ ይጎነበሳል፤ መካኒኩ ምሳ ሲወጣ እሱም ምሳ ይወጣል። ምክንያቱን የማያውቅ የለም። ዞር ካልክ ደህናው ዕቃህ ይፈታና ያለቀለት ይታሰርልሃል። መኪናዋ ከጋራዡ በር እየዘፈነች ትወጣና አየር ጤና ሳትደርስ ታቃስታለች። ተመልሰህ ብትጮህ «ዕቃው ድሮም እንደዚያ ነበር» ትባላለህ። ምን ይዘህ ትከራከራለህ?

እኔ መካኒክነትን የተማርኩት በዚያ ዱካ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የጭነት መኪና ስነዳ ነው። ሌባ ልይዝ የተቀመጥኩ ሰው ሙያ ይዤ ተነሳሁ። ከዚያ ወዲህ አሮጌዋን ነጭ መኪናዬን፣ ዲኤክሴን፣ ከእኔ በቀር የነካት የለም። ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ካንዴላውን ግቢዬ ውስጥ በገዛ እጄ ሠርቻለሁ። የማላውቀውን ፈትቼ አየሁት፤ ያልገባኝን መልሼ ፈታሁት። በገጠምኩት ዕቃ ሁሉ ላይ ደግሞ ከልጄ የጥፍር ቀለም አንድ ቀይ ጠብታ አሳርፋለሁ። የተለወጠ ዕቃ ቢኖር በዚያ አውቃለሁ።

«የእኔን ጥፍር አንድ ቀን ቀብተህ አታውቅም» ትለኛለች ባለቤቴ።

«ያንቺን ጥፍር ፈትቶ የሚወስድ የለም» እላታለሁ።

እንዲህ ወዳለ ሰው ደጅ ነው ሽማግሌ የተላከው።

ልጄ ነርስ ናት። ቤቴል አካባቢ ካለ ክሊኒክ ትሠራለች፤ የጠዋት ተረኛ ስትሆን ገና ሳይነጋ ዲኤክሴን ይዛ ትወጣለች። ሽማግሌዎቹ የመጡት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። የሚመሯቸው የእድራችን ዳኛ ነበሩ፤ አንደበታቸው የተፈታ፣ ለቀልድ የማይሰንፉ ሰው። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ። ልጁ ማነው አልኩ። አየር ጤና የሚኖር፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የሚያስተካክል ወጣት ነው አሉኝ። ሱስ አለበት ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

ዳኛው ሳቅ አሉ። «ሱሱስ አሮጌ መኪና ነው። የእርስዎን የመሰለች ዲኤክስ አለችው፤ ከሥሯ አይወጣም።»

ሌሎቹ ይህን እንደ ምስጋና ሰሙት። እኔ ግን ጆሮዬን አቆምኩ። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም ከተባለ ወዲህ አሮጌ መኪና ባለው ሰው ላይ ዓይን በዝቷል። መለዋወጫ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም፤ የተገኘውም ኦሪጅናል መሆኑን የሚምልልህ ራሱ ሻጩ ነው። የእኔ መኪና ሞተሯ በባዕድ እጅ ያልተነካ፣ ላሜራዋ ያልተበላ ናት። ታዲያ ያው ዓይነት መኪና ያለው ወጣት ከአዲስ አበባ ሴት ልጆች ሁሉ መርጦ የእኔን ልጅ? እንዲህ ያለ አጋጣሚ አላምንም።

«እንመካከርበት። ጾሙ ሲፈታ ተመለሱ» አልኳቸው። «እስከዚያ ልጁ እሑድ እሑድ እየመጣ መኪናዬን ያግዘኝ።»

«ሙሽራ ነው ወይስ ሠራተኛ የሚፈልጉት?» አሉ ዳኛው።

«ሰው የሚታየው ሲሠራ ነው።»

መጣ። ቀጠን ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ልጅ ነው። ቁልፎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ነበር፤ ሲዘረጋቸው ሁሉም ንጹሕ ናቸው። ንጹሕ ቁልፍ የያዘ ሰው ወይ ጥንቁቅ ነው፣ ወይ ሠርቶ አያውቅም። ለጊዜው ሁለተኛውን ያዝኩ።

ኮፈኑን ከፍተን ጥቂት እንደቆየን «ጋሼ፣ የፊት መብራቱ ደክሟል» አለኝ። «ሪሌ ብንጨምርለት ከባትሪው በቀጥታ ኃይል ያገኛል፤ ይደምቃል።»

«እኔ በዚህ መብራት ጎጃም ደርሼ ተመልሻለሁ።»

«እርስዎ መንገዱን ስለሚያውቁት ነው።»

ቀና ብዬ አየሁት። ሊያሞግሰኝ ነው ወይስ ሊወጋኝ? ፊቱ ምንም አይልም።

ሪሌውን ገጠመ፤ መብራቱም ደመቀ፤ ይህን አልክድም። በሚቀጥለው እሑድ በሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚቆለፉበት ሴንተር ሎክ ይዞ መጣ። «ይህች መኪና በተወለደችበት ዘመን ይህ አልነበረም» አልኩት። «ዘመኑ ስለተለወጠ ነው፣ ጋሼ» አለ። እኩዮቹ በየሰፈሩ እንደሚያደርጉት መኪናዋን ዝቅ እናድርጋት፣ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ እንግጠምላት፣ ጎረቤት የሚያውክ ማርሚታ እናልብሳት አላለም። ያን ጊዜ ግን ይህን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። እኔ የምከታተለው እጁን ነበር።

ቀጥሎ የጠየቀኝ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ።

«ጋሼ፣ ሞተሪኖው ኦሪጅናሉ ነው?»

ሞተሪኖ ማለት ቁልፍ ስታዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ዕቃ ነው። ካርቦኑን እኔው ቀይሬ፣ አጽድቼ፣ ቀይ ጠብታዬን አሳርፌ ያሰርኩት ነው።

«ነው። ለምን ጠየቅህ?»

«እንዲሁ ነው።»

እንዲሁ የሚባል ጥያቄ የለም። ስለ ሰው ዕቃ የሚጠይቅ ሰው የሚፈልገው ነገር አለ።

ከዚያ አንድ እሑድ የእድር ቀብር ገጠመኝ። ልጄ እንግዳችንን ሻይ እያጠጣች መኪናዋን አብራው እንድትጠብቅ ነግሬ ሄድኩ። ስመለስ ልጁ ሄዷል፤ ኮፈኑ ተዘግቷል። ልጄ ዓይኔን ሳታይ «ዘይት አይቶ ነው የሄደው» አለች። በማግስቱ ኮፈኑን ከፍቼ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ አጎነበስኩ። ሞተሪኖው በቦታው አለ። ቀይ ጠብታው ግን የለም። ጠርጌ አየሁ። ዕቃው የእኔ አይደለም።

በውስጤ የተሰማኝን ልናገር፤ ንዴት ብቻ አልነበረም። ደስ የሚል ነገርም ነበረው። ገና ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ ያልኩት ደረሰ፣ ያዝኩት፣ የሚል ደስታ ነው። የሚጠራጠር ሰው ጥርጣሬው ልክ ሲሆንለት እንደ ሎተሪ ይቆጥረዋል። ይህ መጥፎ ደስታ እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ፤ ያን ጠዋት ግን ጣፍጦኝ ነበር።

ለባለቤቴ ነገርኳት።

«እና ልጅህን የምትከለክለው በሞተሪኖ ነው?»

«በሌብነት ነው። ዛሬ ከእኔ መኪና ዕቃ ያወጣ ነገ ከልጄ ቤት ምን ያወጣል?»

«መጀመሪያ ጠይቀው። አንተ መኪናን ፈትተህ ታያለህ፤ ሰውን ግን ሳትፈታው ትፈርዳለህ።»

ጥቂት ቀን ሳብሰለስለው ቆይቼ አንድ ጠዋት በታክሲ አየር ጤና ወረድኩ። ቤቱን ከዳኛው ጠይቄ ስለነበር ለማግኘት አልተቸገርኩም። ከሱቆቹ ጀርባ ያለች ጠባብ ግቢ ናት። በሩ ላይ ስደርስ አንዲት ቀይ ዲኤክስ በሰው እየተገፋች ስትወጣ አየሁ። ልጁ በተከፈተው በር ጎን ሆኖ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ ይገፋል፤ ከኋላ ሁለት ጎረምሶችና የሱቅ ሽርጥ ያደረገች ሴት አሉ።

«አባቴ፣ እባክዎ ቆመው ከሚያዩ ትከሻዎን ያበድሩን!» አለችኝ ሴትዮዋ። «ይሄ ልጅ መኪናውን ትቶ ጋሪ ከገዛ ቆየ። በየጠዋቱ ገፊ እኛ ነን!»

አንዱ ጎረምሳ ቀበል አድርጎ፣ «ሲያገባ ሙሽሪትንም ልንገፋት ነው» አለ። ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። በግቢው ጥግ ካለው ጠረጴዛ ላይ፣ ጋዜጣ ተነጥፎለት፣ ሆዱ የተከፈተ ሞተሪኖ ተቀምጧል። ቀይ ጠብታዬ ፊት ለፊቴ ነበረች።

ልጁ ሲያየኝ መግፋቱን ተወ። «ጋሼ!»

«ይሄ የማነው?»

«የእርስዎ ነው።»

ይዋሻል ብዬ ነበር። ለውሸቱም መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

«እኔ መኪና ላይ የታሰረውስ?»

«የእኔ።» አንገቱን ደፋ። «የእርስዎ ውስጡ ያለው የነሐስ ቀለበት አልቋል። ማሽን ቤት እያሠራሁለት ነው። ሲያልቅ አስሬልዎት የእኔን ልፈታ ነበር።»

«ደህና ነው የእኔ። ለእኔ በአንድ ቁልፍ ነው የሚነሳው።»

«እርስዎ የሚነዷት ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነው፣ ጋሼ። በማለዳ ብርድ ቅጭ ብሎ ይቀራል።»

«እኔ ያላየሁትን አንተ በማለዳ የት አየኸው?»

እጁን በሱሪው ጠራረገ። ሴትዮዋና ጎረምሶቹ ወደ እኛ ዞሩ።

«ተናገር!»

«እሷን ይጠይቋት። የእሷን ነገር እኔ አልናገርም።»

ከዚህ በላይ አንድ ቃል ከአፉ አላወጣሁም። እየተቆጣሁ ተመለስኩ፤ ግን በማን ላይ እንደምቆጣ ታክሲው ውስጥ ሆኜ ለመለየት ቸገረኝ።

ልጄ ከሥራ ስትገባ ቁጭ በይ አልኳት። እናቷም ተቀመጠች። ልጄ ተናገረች። ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት አንድ ቀን ለጠዋት ተራዋ ስትሄድ፣ ገና ጨለማ ሳለ፣ መንገድ ላይ ሞተሩ ጠፋባት። ቁልፉን ብታዞር ቅጭ ይላል እንጂ አይነሳም። ወንዶች መጡ፤ እንግፋልሽ አሉ። አልገፉም። በሮቹን መነካካት ጀመሩ። እሷ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው እየዘለለች በሮቹን በየተራ ቆለፈች። ከድሮም ለምታውቀው ለልጁ ስልክ ደወለች። እሱም በገዛ ዲኤክሱ እየበረረ ደረሰ።

«ለምን ለእኔ አልደወልሽም?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«‹ሞተሪኖው ደህና ነው፤ አነሳሡን ስለማታውቂበት ነው› ይሉኛል ብዬ ነው፣ አባባ።»

እንደዚያ እል ነበር። አንዲት ቃል እንኳ አልሳተችም።

መብራቱ፣ መቆለፊያው፣ ሞተሪኖው ለምን እንደመጡ ያን ጊዜ ገባኝ። ጥርጣሬዬ ልክ ነበር፤ ዕቃው በእውነት ተለውጧል፤ ከእኔም ተደብቋል። እኔ ጨርሶ ያልጠረጠርኩት ቤቴን ነበር። እኔ የጋራዥ ሌባ ስጠብቅ ልጄ በጨለማ መንገድ ላይ ተቀምጣ አባቷን መጥራት ፈርታለች።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ልጁን ንጹሕ ነው አላልኩም። ዛሬም አልልም። ሳይነግሩ መልካም ዕቃ መለወጥ ሳይነግሩ መጥፎ ዕቃ ለመለወጥ እጅን ያለማምዳል። ትዳር ደግሞ ከመኪና የበለጠ የሚደበቅበት ቦታ አለው።

ጾሙ ተፈታ፤ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ልጄን ጠርቼ ከፊታቸው አቆምኳት። በእኛ ቤት ሴት ልጅ በሽምግልና መካከል አትጠየቅም፤ ዳኛው ቅንድባቸውን አነሱ።

«ትፈልጊዋለሽ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ደብቆ እንደሚሠራ እያወቅሽ?»

«አብሬው የደበቅሁት እኔ ነኝ።»

ዳኛው አሳላቸው። ሳል ይሁን ሳቅ አልለየሁም።

«እንግዲያው ይህን ንገሩት» አልኳቸው። «ልጄን ሰጥቻለሁ። ሞተሪኖውን ግን አልቀበልም፤ መጥቶ ይፍታ። የእኔን ዕቃ እዚሁ፣ ዓይኔ እያየ፣ አብረን እንጠግነዋለን። ከዛሬ በኋላ የሚያውቀውን ክፉ ነገር ቢያስቆጣኝም ይንገረኝ።»

«ስንት ዘመን ሽማግሌ ሆኜ፣ ልጅ ተሰጥቶ ሞተሪኖ ሲከለከል ያየሁት ዛሬ ነው» አሉ ዳኛው። «እሺ እንዲል እናደርጋለን።»

መጣ። ግቢው ውስጥ ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀመጥን። አዲሱን የነሐስ ቀለበት እሱ አስገባ፤ እኔ ደግሞ ትንሽ ጠበቀ ብዬ አስወጣሁትና በቀጭን ሸካራ ወረቀት አሽቼ መለስኩት። «ልክ ነው፣ ጋሼ» አለ። እውነቱን ነው ወይስ ሊያስደስተኝ፣ አሁንም አላውቅም። «ልክ ካልሆነ ልክ አይደለም በል» አልኩት። ቀለበቱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «እንግዲያው ትንሽ ላልቷል» አለ። እንደገና ሠራነው።

በማግስቱ ልጄ ሳይነጋ ተነሳች። እኔም ተነሳሁ። ብርድ ነበር። ቁልፉን አዞረች፤ ሞተሩ ተነሳ። የግቢውን በር ከፈትኩላት፤ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ከእንግዲህ አይቆምም አይደል፣ አባባ?»

አይቆምም ልላት ነበር። «አላውቅም። አሮጌ መኪና ነው» አልኳት። «ከቆመ ደውዪ።»

«ለማን?»

አሰብኩበት። «ቶሎ ለሚደርስልሽ» አልኩና በሩን እስከ ዳር ገፋሁላት።