ለባሳ የመረጥኩት መነጽር

ባለፈው ወር የዓይኔን ሞራ ካስወጣሁ በኋላ ሐኪሟ ለጥቂት ሳምንታት ከፀሐይ እንድጠነቀቅ ስለነገረችኝ፣ እዚሁ ሶዶ መናኸሪያው አካባቢ ወዳለ መነጽር ቤት ሄድኩ። ከእኔ ቀድማ የገባች አንዲት ወጣት ነበረች። በየገጠሩ የምትዘዋወር የጤና ባለሙያ መሆኗን ከወሬዋ ተረዳሁ። ሞተር ሳይክሏን በር ላይ አቁማ፣ ሄልሜቷን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ጥቁር መነጽር ትሞክራለች። አንዱን አድርጋ ወደ መስታወቱ ስትዞር ሻጩ፣ «እንደሱ አይደለም እህቴ» አላት። «መጀመሪያ ሄልሜቱን አድርጊ። መነጽሩ ብቻውን ቢያምር ምን ያደርግልሻል? ልክነቱ የሚታወቀው ከሄልሜቱ ሥር ሲገባ ነው።»

እኔ ተራዬን እየጠበቅሁ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ልጅቷ ሄልሜቷን አጥልቃ መነጽሮቹን አንድ በአንድ ስታስገባ ሳይ ሐሳቤ ወደ ሌላ ሱቅ ሄደ። ሰውየው የነገራትን ነገር ከስልሳ ዓመት ገደማ በፊት፣ በዚሁ ከተማ አውቀው ነበር። እያወቅሁ ለጓደኛዬ ሳልነግረው ቀረሁ። ታሪኩን ለልጆቼ እንኳ በሙሉ አውርቼላቸው አላውቅም።

በሃምሳዎቹ ማብቂያ ሶዶ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ መዝገብ እጽፋለሁ። ዕድሜዬ ሃያ ሦስት ነው። አብሮኝ የሚሠራው ባሳ በሥራም በዕድሜም በአንድ ዓመት ያንሰኛል። ተወልዶ ያደገው ቆላው ውስጥ፣ ተበላ በምትባል ከተማ አጠገብ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን፤ እሁድ አብረን እንዘምራለን፤ ቦይና የምንለውን የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ከአንድ ሳህን እንበላለን። ዳጣው ሲያቃጥለኝ እንባዬ ይወርዳል፣ እሱ እየሳቀ ውኃ ያቀብለኛል። ከእናቴ ልጆች ይልቅ የምቀርበው ሰው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቅናት ከጠላት ጋር ብቻ የሚመጣ ለሚመስለው ሰው ነው።

ጥር ላይ ለጤና ጣቢያው አንድ ሞተር ሳይክል መጣ። አብሮትም ነጭ ሄልሜት ነበር። የያኔው ሄልሜት እንደዛሬው ፊትን አይሸፍንም፤ ከላይ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሆኖ በግራና በቀኝ ጆሮ ላይ የሚወርድ ወፍራም ቆዳ አለው፣ ቆዳው አገጭ ሥር በቀበቶ ይታሰራል። ሞተሩን የሚይዘው ሰው ሥራው በየሳምንቱ አንድ ቀን በሁምቦ አድርጎ እስከ ተበላ፣ ሌላ ቀን ደግሞ እስከ በዴሳ መድኃኒት ማድረስ፣ ትኩሳት ካለባቸው ሰዎችም የደም ናሙና ይዞ መመለስ ነው። እኔና ባሳ ገበያ በሌለበት ቀን ሜዳ ላይ መንዳት ተለማመድን። ማን እንደሚመረጥ የሚጠራጠር ሰው አልነበረም። ቀድሜ የተቀጠርኩት እኔ ነኝ፣ ጽሕፈቴም የተሻለ ነው።

እኔም አልተጠራጠርኩም። ስለዚህ ማንም ምንም ሳይለኝ ሄልሜቱን ተውሼ ወደ አቶ ወልዴ ሱቅ ሄድኩ።

አቶ ወልዴ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ብዙ ዘመን የኖሩ ነጋዴ ናቸው። ሱቁን አብዛኛውን ጊዜ የምትይዘው ልጃቸው አስካለ ነበረች። ከእሷ ጋር እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ክፍል ተምረናል። አዲስ ጨርቅ ሲመጣ፣ «ማርቆስ፣ የትኛው የሚሸጥ ይመስልሃል? አንተ ዓይን አለህ» ትለኛለች። እኔም መልሱን ለማስረዘም ጨርቁን ሁሉ እንድትዘረጋልኝ አደርጋለሁ። የልቤን ነግሬያት አላውቅም። ሞተር ላይ ሆኜ በሱቋ በር ሳልፍ እንድታየኝ ግን ስንት ጊዜ አስቤያለሁ።

የዚያን ቀን ሄልሜቱን አጥልቄ አራት መነጽር ሞከርኩ። የመጀመሪያው ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚያምር ነበር። ግን የሄልሜቱ ቆዳ በዘንጎቹ ላይ ሲያርፍ ጆሮ ግንዴ ላይ ሰሪሳራዬን እንደ ጉጠት ያዘኝ። የሁለተኛው ዘንግ ጫፉ ከጆሮ ኋላ ስለሚጠመዘዝ ከቆዳው ሥር አልገባ አለ። ሦስተኛው እጅግ ጠቆረ፤ አስካለ፣ «ከፀሐይ ወደ ዛፍ ጥላ ስትገባ መንገዱ ይጠፋብሃል» አለችኝ። አራተኛው ቀጭን የሽቦ ዘንግ ያለው፣ መስታወቱ ቡናማ፣ ሲያዩት ምንም የማይመስል መነጽር ነበር። ከቆዳው ሥር ሸርተት ብሎ ገባ። ቀኝ ግራ ዞርኩ፣ ራሴን ነቀነቅሁ፤ አልተነቃነቀም።

«አገኘኸው» አለች አስካለ።

«መመረጤን እስኪነግሩኝ ድረስ አስቀምጪልኝ።»

«መሳቢያው ውስጥ አደርገዋለሁ» አለችና አስገባችው።

ከሦስት ቀን በኋላ ኃላፊያችን ሁለታችንን ጠርተው ሞተሩን ለባሳ መስጠታቸውን ነገሩን። ባሳ ከወጣ በኋላ እኔ ቀረሁ።

«ጌታዬ፣ ያጠፋሁት ነገር አለ?» አልኳቸው።

«የለም ማርቆስ። አንተ ጥሩ ሠራተኛ ነህ» አሉኝ፣ መነጽራቸውን አውልቀው እየወለወሉ። «ባሳ ግን የታመመ ሰው ቤት ሲገባ ይቀመጣል። አንተ ቆመህ ትጽፋለህ።»

እውነት ስለነበር የበለጠ አመመኝ። ያን ዕለት ቅናት ያዘኝ። ባሳ ግን ደስታውን እንኳ በአግባቡ መደሰት ፈርቶ፣ «ለአንተ ነበር የሚገባው» ይለኛል። እንዲህ ማለቱም አበሳጨኝ። ቢኩራራ ኖሮ የምጠላበት ምክንያት አገኝ ነበር።

በማግስቱ፣ «ማርቆስ፣ ሱቅ አብረን እንሂድ» አለኝ። «ለሁምቦ አቧራ መነጽር ያስፈልገኛል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር መምረጥ አልችልም። ሄልሜቱን ልያዘው?»

«ምን ያደርግልሃል» አልኩት።

አስካለ ሦስቱን መነጽሮች ባንኮኒው ላይ ደረደረች። አራተኛውን አላወጣችውም። እጇን የመሳቢያው እጀታ ላይ አድርጋ እኔን ታየኛለች። አንድ ቃል ብናገር ትከፍተው ነበር። እኔ የመጀመሪያውን፣ ወፍራሙን አንስቼ ለባሳ ሰጠሁት።

«ይሄ ፊትህን ሞላው። ትልቅ ሰው አስመሰለህ።»

ባሳ መስታወት ውስጥ አይቶ ሳቀ። ወደ እሷ ዞሮም፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት።

«የመረጠልህ ጓደኛህ ነው» አለች አስካለ። ሳትስቅ ነው ያለችው። እጇን ከመሳቢያው ላይ አነሳች።

ዓይኑን ላጥፋው፣ ይውደቅ፣ ይጎዳ ብዬ አላሰብኩም። ያሰብኩት ትንሽ ነገር ነበር፤ ያን ሁሉ ክብር ይዞ ሲሄድ ሰሪሳራውን ትንሽ ይመመው ብዬ ነው። ይህን የምለው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም። እንዲያውም አሁን ሳስበው የሐሳቡ ትንሽነት ነው የሚያሳፍረኝ።

ባሳ ሥራውን ጀመረ። ማክሰኞ ማለዳ ሞተሩን ሲያስነሳ ሰፈሩ ሁሉ ይወጣል። በአስካለ ሱቅ በር ሲያልፍ እጁን ያነሳል፣ እሷም ታነሳለች፤ እኔ ከጤና ጣቢያው መስኮት የእጇን መነሳት እቆጥራለሁ። ማታ ሲመለስ ከቆላ የተላከለትን ይዞ ይመጣል፤ ማንጎ፣ እሸት በቆሎ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ። ሁሉንም ከእኔ ጋር ይካፈላል። እየበላሁ ቀናሁበት። ሄልሜቱን ሲያወልቅ በግራና በቀኝ ሰሪሳራው ላይ ቀይ ሰንበር አያለሁ። አንድ ቀን እያሸው፣ «መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው መሰለኝ፣ ይለመዳል» አለኝ። «ይለመዳል» ብዬ መለስኩለት።

የካቲት አጋማሽ ላይ ነፋሱ በረታ። ከሶዶ ወደ ሁምቦ ሲወርዱ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ይቀበልዎታል፤ ርቆ አባያ ሐይቅ ይታያል፣ መንገዱ ላይ ደግሞ አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። የዚያን ማክሰኞ ባሳ ራሱ ሲፈልጥበት መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተው። ጥቂት እንደሄደ ከፊቱ የሚሄድ በቆሎ የጫነ መኪና ጎማ ያስፈነጠረው ጠጠር ቀኝ ዓይኑን መታው። ሞተሩን መያዝ አልቻለም፤ ቦይ ውስጥ ገባ። ገበሬዎች አንስተው በጋሪ ተበላ አደረሱት፤ ከዚያ የእህል መኪና ላይ ጭነው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወደ እኛ አመጡት።

ኃላፊያችን ዓይኑን ሲያጥቡ ጭንቅላቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ክርኑና ጉልበቱ ተልጧል፣ እሱ ምንም አልነበረም። ብሌኑ ላይ ግን ጭረት ነበረበት። ካመረቀዘ ዓይኑ እንደሚጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለቱንም ዓይኖቹን አሽገው ጨለም ያለች ክፍል ውስጥ አስተኙት።

ሌሎቹ ሲወጡ እጄን ፈልጎ ያዘ። «ታ ኢሻው» አለኝ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። «ጥፋቱ የራሴ ነው። አንተ ደክመህ መርጠህልኝ፣ አላስችል ብሎኝ አወለቅሁት። አትዘንብኝ።»

እጄን አስለቅቄ ወጣሁ።

የበዴሳው ቀን ሐሙስ ነበር። ሞተሩ ብዙ አልተጎዳም፤ ኃላፊያችን እኔ እንድሄድ አዘዙ። የተመኘሁት ነገር እንዲህ ሆኖ እጄ ገባ። ከዚያ ያደረግሁትን ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል። ረቡዕ ከሥራ ስወጣ ቀጥ ብዬ ወደ አስካለ ሱቅ ሄድኩና፣ «ያስቀመጥሽልኝን መነጽር ስጪኝ፣ ነገ እኔ ነኝ የምነዳው» አልኳት።

መሳቢያውን ከፍታ መነጽሩን ባንኮኒው ላይ አደረገችው። እጇን ግን አላነሳችም።

«ዛሬም ለራስህ ነው?» አለችኝ።

መነጽሩን ለመውሰድ እጄን ዘረጋሁ።

«ያን ቀን እስክትናገር ጠብቄህ ነበር» አለች በቀስታ። «ዛሬ ካልነገረው ነገ ይነግረዋል እያልኩ ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ሳምንት። እኔም ዝም ብያለሁ፣ ከነገሩ ንጹሕ አይደለሁም። አሁን ግን አንተ ትነግረዋለህ ወይስ እኔ ልንገረው?»

«እኔ እነግረዋለሁ።»

መነጽሩን ሰጠችኝ። ከሱቁ ጤና ጣቢያው ድረስ ያለው መንገድ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ያን ቀን ግን ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ባሳ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ለራሴ መምረጤን፣ ሄልሜቱን እንዳይዝ ያልኩበትን ምክንያት፣ መሳቢያውን። ዓይኖቹ ስለታሸጉ ፊቱን ማንበብ አልቻልኩም።

«ሞተሩን ለአንተ እንዲሰጡህ ብለህ ነው?» አለኝ በመጨረሻ።

«አይደለም። ሁሉም ሰው አንተን ሲወድ ማየት አቃተኝ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መነጽሩን ትራሱ አጠገብ አስቀምጬ ወጣሁ። በማግስቱ ፋሻውን ልቀይርለት ስገባ፣ «ሌላ ሰው ይምጣልኝ» አለ።

ሐሙስ በዴሳ፣ ማክሰኞ ተበላ ሄድኩ። ያለ መነጽር ነው የነዳሁት። የሁምቦ አቧራ ዓይኔን እያስነባኝ ተበላ ስደርስ ሰዎች ነጩን ሄልሜት ከሩቅ አይተው «ባሳ! ባሳ!» እያሉ ሮጡ። ሳወልቀው ሩጫቸውን አቆሙ። አንዲት ልጇ ትኩሳት የያዘባት ሴት ቤት ገባሁና፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቀው፣ በርጩማ ስባ ስትሰጠኝ ተቀመጥኩ። ቦይና አቀረበችልኝ። ገና ስለ ልጇ ሳትነግረኝ፣ «የባሳ ዓይን እንዴት ሆነ? በጸሎት እያሰብነው ነው በለው» አለችኝ። እውነቱን ልናገር፤ ዓይኑ ታሽጎ የተኛውን ሰው፣ እኔ ያስተኛሁትን ሰው፣ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ቀናሁበት።

በአሥረኛው ቀን ባሳ አስጠራኝ። ፋሻው ተነስቶለታል። ቀኝ ዓይኑ ቀልቶ ያነባል፣ ግን ያያል።

«ጣቴን ቆጠርኩ» አለኝ። «ማርቆስ፣ እዚህ ተኝቼ ብዙ አስቤያለሁ። ዓይኔ ጠፍቶ ቢሆን ይቅር የምልህ አይመስለኝም። አልዋሽህም። እግዚአብሔር እኔን ብቻ አይደለም የማረው፣ አንተንም ነው። አሁን ይቅር ብዬሃለሁ።»

ከዚያ በላይ አላለም፣ እኔም ከዚያ በላይ አልጠበቅሁም። ሲድን ሞተሩን ተረከበ፤ ቀጭኑን መነጽር ከሄልሜቱ ሥር አድርጎ ሲያልፍ አየሁት። ዓይኑ ነፋስ ሲመታው የማንባት ነገር እስከ ዕለተ ሞቱ አልተወውም። እኔን ግን ሚዜው አደረገኝ፣ የመጀመሪያ ልጁንም በስሜ ጠራ። ይህም ለእኔ ቀላል ሸክም አልነበረም።

አስካለ ከይርጋለም የመጣ አስተማሪ አገባች። ከአባቷ በኋላም ሱቁን እሷው ይዛ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሳሙናና ስኳር ሸጣልኛለች። ሰላምታዋ አልተቋረጠም፣ ስታመምም ጠይቃኛለች። አዲስ ጨርቅ ሲመጣ ግን፣ የትኛው ይሻላል ብላ ሐሳቤን ዳግመኛ ጠይቃኝ አታውቅም። የበደልኩት ሰው ይቅር ብሎኛል፤ የእሷን እምነት ግን አልመለስኩትም።

አሁን ሰማንያን አልፌያለሁ። የሰፈሩ ሰው ለሽምግልና ይጠራኛል፤ ወጣቶች ሥራ ሲቀይሩ፣ ቤት ሲገዙ፣ ሊያገቡ ሲያስቡ «አባባ፣ ምን ይመስልዎታል?» ብለው ይመጣሉ። እኔም ወዲያው አልመልስም፤ ዝም ብዬ ጥቂት እቆያለሁ። ይህን ዝምታዬን የሽማግሌ ብልኅነት አድርገው የሚያወሩ አሉ። እኔ ግን በዚያች ጊዜ የምመረምረው የእነሱን ጉዳይ አይደለም። የጠየቀኝ ሰው ላይ ቀንቼ እንደሆነ ራሴን እየፈተሽኩ ነው። አንዳንድ ጊዜ፣ በዚህ ዕድሜዬም፣ ራሴን ቀንቼ አገኘዋለሁ። የዚያን ዕለት፣ «ሌላ ሰው ጠይቅ ልጄ» እላለሁ።