አባቴና የሚሳይል ተረኛው ጎረቤታችን

አባቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ወዳለችው ኦሮራ መጥተው ነበር። ጡረታ የወጡ የራዳር መኮንን ናቸው፤ ሙያውን በወጣትነታቸው ሶቭየት ኅብረት ተልከው ነው የተማሩት። ቻምበርስ ሮድ ካለው አፓርታማችን በላይ ደግሞ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖራሉ። እሳቸውም ወታደር ነበሩ፤ ከዴንቨር በስተሰሜን፣ ከመሬት በታች፣ ኑክሌር የተሸከመ ሚሳይል ይጠብቁ ነበር።

ጠቡ የተነሳው በቴሌቪዥን ነው። አባቴ ጆሯቸው ስለደከመ ጎህ ሲቀድ የዜናውን ድምፅ እስከ ጥግ ይለቁታል። ጎረቤታችን ከላይ ወለሉን በከዘራ ይደበድባሉ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወርደው በሩን አንኳኩ፤ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ።

«ድምፁን ካልቀነሱ ለሕንፃው አስተዳደር ሪፖርት አደርጋለሁ በያቸው» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

«ጤናዎን እየጠየቁ ነው» አልኳቸው አባቴን።

«ፊቱ እንደዚያ አይልም። እንቅልፍ ከፈለገ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ይክተት በይው።»

«ይቅርታ ይጠይቃሉ» ብዬ ተረጎምኩ።

ነገሩ በሰላም ሊያልቅ ሲል አባቴ በሩሲያኛ አንዲት ቃል አጉተመተሙ። ትርጉሟን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ሊሄዱ የዞሩት ሽማግሌ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ከዚያ እሳቸውም በሩሲያኛ መለሱ። ለካ ጡረታ ከወጡ በኋላ «ያነጣጠርኩባቸው ሰዎች ምን እንደሚያወሩ ልወቅ» ብለው ቋንቋውን ተምረው ኖሯል።

አባቴ ወንበር ሳቡላቸው። ሻይ አቀረብኩና «ምን አሉ?» ስል «ቆይ አንቺ» አሉኝ። እኔን ከሥራ ያሰናበቱኝ ያኔ ነው።

ጎረቤታችን ከወጡ በኋላ አባቴ ነገሩኝ። «የተማርክበት ከተማ የት ነው አለኝ፣ ነገርኩት። ከዚያ፣ የት እንዳነጣጠርን አይነግሩንም ነበር፤ ምናልባት እዚያ ይሆናል አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«እዚያ በየቀኑ የሚያበሉንን የካንቲን ጎመን ብትመታልን አንቀየምህም ነበር አልኩት።»

ከዚያ ወዲህ ዜና የሚያዩት አብረው ሆነ፣ ላይኛው ቤት። ከጣሪያው የሚወርደውን ጩኸት የምሰማው እኔ ሆንኩ።

አንድ ምሽት ግን ላይኛው ቤት ጸጥ አለብኝ። ደንግጬ ወጣሁ። ሁለቱ ታላላቅ አገሮች እንደገና በኑክሌር ሲዛዛቱ ሰምተው ቴሌቪዥኑን አጥፍተውታል።

«ተረኛ ስሆን የማስወንጨፊያው ትእዛዝ የሚመጣበት ስልክ እንዳይጮህ እጸልይ ነበር» አሉኝ ጎረቤታችን በእንግሊዝኛ። ለአባቴ ተረጎምኩላቸው፤ በዚህኛው ላይ ምንም አልቀየርኩም።

«እኔም» አሉ አባቴ፣ «የራዳሩ ስክሪን ላይ ወፍ ባየሁ ቁጥር የጠላት አውሮፕላን መስሎኝ ላብ ያጠምቀኝ ነበር።»

ከዚያ አባቴ ራት አልበላንም ብለው ተነሱ፤ ጎረቤታችንም ተከትለዋቸው ወረዱ።

አባቴ ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ኤርፖርት ያደረሱን ጎረቤታችን ናቸው። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። መንገዱን ሁሉ በሩሲያኛ ተጨቃጨቁ፤ ከእጃቸው ምልክት እንደገባኝ የመኪናው መስኮት ይከፈት አይከፈት ነበር ክርክሩ። አባቴ ብርድ ይፈራሉ። በመጨረሻ ግማሹን ከፈቱት።