«በሕግ አምላክ» ያልኋቸው ሰዎች

መጽሐፉን ያገኘሁት ጎንደር ፒያሳ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ነው። ጠላት ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። አንድ እንግሊዛዊ ወታደር ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ረስቶት ሄዶ ኖሯል፤ ሰፊው «ባለቤቱ አልተመለሰም፣ ውሰደው» አለኝ። የጦር ልብ ወለድ ነው። አንድ ሻምበል አሥራ ሁለት ወታደር ይዞ፣ በበረዷማ ተራራ ላይ ከጠላት ጀርባ ይሻገራል። እንግሊዝኛዬ የትምህርት ቤት ነበርና ግማሹን በግምት ነው የተረዳሁት፤ ቢሆንም ሦስት ጊዜ ደገምሁት። ከዚያ የአመራር ትምህርት ያልሁትን በደብተር ጻፍሁ፦ መሪ ምክንያት አይናገርም፤ ቦታህን ያዝ የተባለ አይነቃነቅም፤ ክርክር ሲነሣ ቁረጠው። እኔ የመንገድ ጥናት ጸሐፊ ነበርሁ፤ የማዝዘው ድመት እንኳ አልነበረኝም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ሰኔ መግቢያ ላይ አለቃዬ ታመመና የቅየሳ መሣሪያውን መካነ ብርሃን ማድረስ በእኔ ላይ ወደቀ። ጓደኞቼ «ሹመት ያዳብር» እያሉ ቀለዱብኝ፤ እኔ ግን የምር ተቀበልሁት። እስከ ደባርቅ በማኪና፣ ከዚያ በበቅሎ ተጓዝን። ጫኞቹ ሁለት ነበሩ፤ አንድ ሽማግሌና የልጃቸው ባል። ሽማግሌውን አያ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው በዕድሜ ልጃቸው የምሆነውን ሰው ጌታው ይሉኛል። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ ከደጋው አናት ስንደርስ መንገዱን ናዳ ቆርጦት አገኘን። ሰማዩ ጠቁሯል። አማችየው «በታች እንዙር» አለ። ሽማግሌው «ምነው ትቸኩላለህ? ዋሻው ይኸው፤ እንግባና ደመናው ይለፍ» አሉ። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። እኔም ሻምበሌን አስታወስሁ።

«በሕግ አምላክ» አልሁ። «መንገድ አይቼ እስክመለስ ከዚህች ቦታ ንቅንቅ እንዳትሉ። መሣሪያው አደራ።»

ወዲያው ጸጥ አሉ። በእኛ አገር ይህ ቃል ከተጣለ ዱላ ያነሣ ክንዱን ያወርዳል፣ የሚሮጥም ይቆማል። ሻምበሉ እንኳ እንዲህ ያለ ቃል አልነበረውም ብዬ በልቤ ኮራሁ።

ብዙም ሳልርቅ በረዶ ወረደ። ከቁልቁለቱ በታች ወዳለች ብቸኛ ቤት፣ ወደ አንድ ቄስ ቤት ሮጬ ገባሁ። እሳት አነደዱልኝ፤ ዳቦና ጠላ ቀረበልኝ። ሰዎቹ ትዝ ሳይሉኝ አልቀሩም። ዋሻው አጠገባቸው ነው፣ ይህን ሕፃንም ያውቃል አልሁና እግሬን ወደ እሳቱ ዘረጋሁ። በረዶው አባራ ሲሉት ብርዳም ዝናብ ተካው። ስመለስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር።

ሁለቱም ትቻቸው በሄድሁበት ቦታ፣ እግራቸው በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ቁጭ ብለዋል። የሽማግሌው ጋቢ ከበቅሎ በወረደው የመሣሪያ ሣጥን ላይ ነው፤ እሳቸው በእጀ ጠባብ ብቻ ናቸው። ዋሻው ከኋላቸው ሃያ እርምጃ አይሞላም። ክው አልሁ።

«ምነው አልገባችሁም?» አልሁ።

«በሕግ አምላክ ብለውን የለ?» አለ አማችየው፣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ።

«ግቡ እንጂ፣ አሁኑኑ ግቡ።»

አልተነሡም። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝና «መጀመሪያ ቃሉን ያንሡልን» አሉ።

እንዴት እንደሚነሣ አላውቅም። ማሰር እንጂ መፍታት አልተማርሁም። «አንሥቻለሁ፣ ፈትቻችኋለሁ» እያልሁ ተንተባተብሁ። አማችየው ተነሣ፤ ሽማግሌው ግን እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። አዝዬ ወደ ዋሻው ሳስገባቸው፣ አማችየው ከኋላዬ ሆኖ «አምስቱን ዓመት በዱር የጎበዝ አለቃ ነበሩ» አለኝ። የተሸከምሁት ሰው ያን ያህል ጊዜ ጦር መርቷል፤ እኔ ደግሞ ከልብ ወለድ በለቀምሁት ትእዛዝ በረዶ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሻምበሉ ከወታደሮቹ ጋር በረዶ ላይ ተኝቶ የሚያድርበት ምዕራፍም መጽሐፉ ውስጥ ነበረ። ትእዛዝ የለበትም ብዬ በደብተሬ አላሰፈርሁትም።

ሽማግሌው ከሞት ተረፉ። የቀኝ እግራቸው ሦስት ጣቶች ግን በቁር ደርቀው ተቆረጡ።

ከወር በኋላ ቤታቸው ሄጄ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ከደጃቸው ወደቅሁ። ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱልኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

«አያ፣ ያን ጊዜ የት እንደነበርሁ እንኳ አልጠየቁኝም» አልሁ። «ከቄሱ ቤት ነበርሁ፤ እሳት ዳር።»

«አውቃለሁ» አሉ። «በረዶው ጋብ ሲል ጭሱን አይቸዋለሁ። ለአማቼም፣ ተመስገን በል፣ ልጁስ ደኅና ገብቷል አልሁት።»