በጀርባዬ የተኛሁበት ከሰዓት

ሊይዙኝ ሲመጡ ትከሻዬ ላይ አንድ ኩንታል ስንዴ ነበር። አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለ መጋዘን መኪና እየጫንን ነው። «ይህን ላስቀምጥና እመጣለሁ» አልኳቸው። አስቀምጬ ቀና ስል ወገቤ ቋ አለ። ለዓመታት ሳባብለው የኖርኩት ወገብ የሚከዳኝን ቀን አሳምሮ መረጠ።

ጥፋቴ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ ከሰፈራችን የተወሰዱት ሰዎች የት እንዳሉ መጠየቄ ነው።

የእስር ቤቱ ክፍል በር ሲከፈት የታየኝ ጉልበት ብቻ ነበር፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የታጠፈ ጉልበት። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ስር ታምቋል። ሁሉም ጉልበቱን አቅፎ ይቀመጣል፣ በጎኑ ይተኛል፣ የክፍሉ አለቃ ካቦው ሲያጨበጭብ እኩል ይገለበጣል። በጀርባ መተኛት የሁለት ሰው ቦታ ስለሚወስድ እዚያ ትልቅ ነውር ነው።

እኔ መቀመጥም አልቻልኩም። በሩ ስር በእጄና በጉልበቴ ተደግፌ ቀረሁ።

«አዲሱ፣ ተቀመጥ እንጂ» አለኝ ካቦው።

«አልቻልኩም። ወገቤ ነው።»

«አመሻሽ ላይ ቆጠራ አለ። ቁጢጥ ያላለ ሰው እንዳመፀ ነው የሚታየው። ጨለማ ቤት ይወስዱሃል።»

ፈራሁ። በዚያ ወገብ ጨለማ ቤት ከገባሁ በእግሬ እንደማልወጣ ታወቀኝ።

ከግድግዳው በኩል አንድ ሽማግሌ ተናገሩ። ዕድሜያቸውን ወንጂ አገዳ ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው።

«አካም ልጄ፣ ሥራህ ምንድን ነው?»

«ጫኝ ነኝ፣ አባባ።»

ወደ ካቦው ዞሩ። «በጀርባው ካልተኛ ሕመሙ አይለቀውም።»

«አባባ፣ ቦታ የታለ?»

«እኛ እንቁማ።»

ካቦው ትንሽ አያቸውና አጨበጨበ። ክፍሉ በሙሉ ተነሳ። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ግድግዳውን ተደገፉ፤ መሀል ላይ ባዶ ሲሚንቶ ታየ። ለካ ወለል አለው። አስተኙኝ፤ የልብሳቸውን ፌስታል ሰብስበው ከእግሬ ስር አደረጉልኝ። ከታች ሆኜ አገጫቸውን አያለሁ። አንደኛው መምህር ነው፤ ሲመረምሩት ውስጥ እግሩን ገርፈውት አብጧል። አንዱን እያነሳ በሌላው ይቆማል። «ዕድለኛ! ነገ ደግሞ እኔን ነው ወገቤን የሚያመኝ» አለ፤ ሳቁ። እኔ አለቀስኩ። ከበሩ በላይ ባለው ቀዳዳ የገባችው ጸሐይ ግድግዳውን አቋርጣ እስክትጠፋ ድረስ አንድም ሰው አልተቀመጠም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንደዚያ ሰውነቴን የነዘረኝ ነገር የለም።

ቆጠራው ሲቃረብ ሽማግሌው ከሸሚዛቸው ስር ሰፊ የአቡጀዲ መቀነት ፈተው ወገቤን ጥፍር አድርገው አሰሩኝ። «አገዳው ላይ ያቆመኝ ይሄ ነው» አሉኝ። በሩ ተከፈተ። «ቁጢጥ!» አለ ጠባቂው። ጥርሴን ነክሼ ቁጢጥ አልኩ።

ሽማግሌው ግን ቁጢጥ አላሉም። መቀነቱ ሲለቃቸው ወገባቸው ጎብጦ ግድግዳውን ተደግፈው ነው የቆሙት። ለካ የእሳቸው ከእኔ የባሰ ነበር።

«ሽማግሌ፣ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። ወገቤ እምቢ አለኝ እንጂ።»

ጠባቂው ወደ ውስጥ አንድ እግሩን አስገባ። ያኔ መምህሩ ባበጠው እግሩ ተነስቶ ቆመ። ካቦውም ተነሳ። ለማስቀመጥ ያን ያህል የተለፋብኝ እኔም መነሳት ነበረብኝ፤ የጎኔን ሰው ትከሻ ይዤ ተነሳሁ። ሌሎቹም ተከታትለው ተነሱ። ጠባቂው ሁላችንን ዞር ዞር ብሎ አየን። ቆመን እንዳለን ቆጠረንና በሩን ዘጋው።

ከተፈታሁ ወዲህ መሸከም ትቻለሁ፤ ወገቤ ግን ክረምት ሲገባ ይነሳብኛል። ሰፊ አልጋ ላይ በጀርባዬ ጋደም ስል ዛሬም የሰው ቦታ የወሰድኩ ይመስለኛል፤ በዙሪያዬ የቆሙትን አስባለሁ፤ ያ ሁሉ ሰው ለእኔ ወገብ ብሎ መቆሙ አሁንም ይገርመኛል።

በቅርቡ መቀነቱን አጥቤ ለሽማግሌው ልመልስ ወንጂ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ሽማግሌው በከዘራ ተደግፈው በር ላይ ተቀበሉኝ። አረማመዴን አይተው ወደ አልጋቸው አመለከቱኝ።

«ጋደም በል ልጄ። ዛሬ ቦታ አለ።»

እሳቸው እስኪቀመጡ ቆሜ ጠበቅኩ።