እምቢ ባይ

ባለፈው ቅዳሜ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር አዲስ የተከፈተ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ገብቼ አንዲት የሸክላ ድስት አነሣሁ። ለሁለት ሰው ሽሮ የምትበቃ ትንሽ ድስት ናት። ጆሮዋ ላይ ካርድ ታስሮባታል፤ ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ «ሜድ ባይ ሃንድ» የሚል ታትሟል፣ በእጅ የተሠራ ለማለት ነው። ሻጯን ልጅ በማን እጅ እንደተሠራች ጠየቅኳት። በማሽን እንዳልሆነ በትሕትና አስረዳችኝ። እሱስ ገብቶኛል፣ በማን እጅ ነው አልኳት ደግሜ። ልጅቷ ድስቷን አገላብጣ አየቻት፣ እኔንም አየችኝ። «እሱን እንኳ አላውቅም፣ ሴቶች ናቸው የሚያመጡት» አለች። ድስቷን ገዝቼ ወጣሁ፤ ንዴቴም አብሮኝ ወጣ። «ባይ» በምትባል ቃል የተነሣ ስናደድ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም።

ከቃሏ ጋር የተዋወቅነው ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ትምህርት ቤታችን ጉለሌ፣ ከቀጨኔ በላይ ባለው ዳገት ላይ ነበር። ዝናብ ሲያባራ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ በመስኮት ይገባና ከጠመኔው ብናኝ ጋር ይደባለቃል፤ ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣብኝ ለፈተና ሳልዘጋጅ የቀረሁ ይመስለኛል። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቲቸር ደሳለኝ የኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ፣ ቀጭን፣ ለቁጣም ለሳቅም የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ በትልቁ ሁለት ፊደል ጻፉና፣ ይቺ ትንሽ ቃል ከናንተ ከሁላችሁም የበለጠ ሥራ አላት አሉን።

እውነትም ሥራዋ አያልቅም። በአውቶቡስ ሲኬድ እሷ አለች። ወንዝ ዳር ሲቀመጡ እሷ አለች። የቤት ሥራ እስከ ሰኞ ይድረስ ሲባል እሷ፣ ብቻዬን ሠራሁት ሲባል እሷ፣ ሰውን በስም አውቀዋለሁ ሲባልም እሷው። እኛ ግን ይህን ሁሉ ጣጣ በአንድ መላ ተገላገልነው፤ «ባይ» ማለት «በ» ማለት ነው ብለን ወሰንን። ድምፁም ይቀራረባል። ስለዚህ በእግራችን ስንመጣ «ባይ ማይ ሌግ» ሆነ፣ በጠዋት ስንነሣ «ባይ ሞርኒንግ» ሆነ፣ እንጀራውንም «ባይ ወጥ» በላነው። ወንዶቹ ብይ ሲጫወቱ «በማርያም አልነካሁም» ማለት ትተው «ባይ ሜሪ» እያሉ ይምሉ ጀመር። ቲቸር ደሳለኝ እኛን ሲያርሙ ቀይ እስክርቢቶ ጨረሱ። የሚገርመው ከዚያ ሁሉ መዓት ውስጥ ትክክል ሆኖ የተገኘው የወንዶቹ መሐላ ብቻ ነበር።

ቤት ስገባ ቃሏን ጮክ ብዬ አጠናለሁ። እናቴ አስካለ ሸክላ ሠሪ ናት። ጭቃውን መሬት ላይ አስቀምጣ ራሷ ጎንበስ ብላ ዙሪያውን እየዞረች ድስት ታደርገዋለች፤ በእርጥብ ቁራጭ ቆዳ ስታለሰልሰው የሚወጣው ድምፅ እንቅልፍ ያመጣል። ጓሯችን ሁልጊዜ እርጥብ አፈር ይሸታል፣ ሸክላው በሚቃጠልበት ቀን ደግሞ የባሕር ዛፍ ጭስ። አንድ ከሰዓት በኋላ እዚያው ተቀምጬ «ባይ፣ ባይ፣ ባይ» ስል ሰምታ ኖሮ ቀና አለች። «ምን ባይ ነው እሱ?» አለችኝ። «አለሁ ባይ ነው ወይስ ሃይ ባይ?» ከሳቄ የተነሣ ደብተሬ ጭቃው ላይ ወደቀ። የእንግሊዝኛ ቃል መሆኑን፣ አንዱ ሥራዋም አንድ ነገር ተሠራ ከተባለ በኋላ የሠራውን ሰው ማስከተል መሆኑን አስረዳኋት። ትንሽ አሰበችና፣ እንግሊዞች ደህና አስበዋል ብላ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

ይህን ስትል ምን እያለች እንደነበር ያኔ አልገባኝም። አንደኛ ክፍል ስመዘገብ እጄን ይዛ በመንገድ ላይ ስትመክረኝ፣ የእናትሽ ሥራ ምንድን ነው ካሉሽ ነጋዴ ናት በይ ያለችኝ እሷ ራሷ ናት። ውሸት አልነበረም፤ የሠራችውን ሽሮ ሜዳ ወስዳ ትሸጣለች። ሸክላ ሠሪ ዓይኗ ሰው ይበላል የሚለውን ክፉ ወሬ የኔ ዘመን ሰው ሁሉ ሰምቶታል፣ አልሰማሁም የሚልም ካለ አፍሮ ነው። የዴስክ ጓደኛዬ ሰላም ምሳ ዕቃዋን ስትከፍት ክዳኑን በኔ በኩል አቁማ ምግቧን ትከልል ነበር። እናቷ ነግራት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም እንዳላስጨንቃት ወደ መስኮቱ ዞሬ እበላለሁ። የሚያቃጥለኝ ግን የነሰላም ቤት ወጥ የሚሠራው በእናቴ ድስት መሆኑ ነው። ድስቷን ተሸክሜ በራቸው ድረስ ያደረስኩት እኔው ነኝ።

በዓመቱ አጋማሽ ላይ ቲቸር ደሳለኝ ስለ ቤታችን አንድ ዕቃ በእንግሊዝኛ እንድንጽፍ አዘዙን። የተመረጠው ጽሑፍ ዓርብ በረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ይነበባል። ሚኒ ሚዲያ፣ ለማያስታውስ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ማይክሮፎንና ጣራ ላይ የተሰቀለ አንድ ድምፅ ማጉያ ናት። ማጉያው ግን ግቢውን አልፎ ቁልቁል እስከኛ ሠፈር ይሰማል። እዚያ ገብቶ ማንበብ ለኛ ቴሌቪዥን ላይ ከመውጣት አይተናነስም ነበር። እኔ ስለ ድስት ጻፍኩ። አፈሩ ከተራራው መጣ፣ ተወቀጠ፣ ተቦካ፣ ቅርጽ ወጣለት፣ ደረቀ፣ ተቃጠለ እያልኩ ወረድኩና መጨረሻው ላይ «ኢት ዋዝ ሜድ ባይ ማይ ማዘር» ብዬ ዘጋሁት፤ የተሠራው በእናቴ ነው። ጽሑፌ ተመረጠ። ስለ ሬዲዮናቸው የጻፈችው ሰላም ሁለተኛ ወጣች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቲቸር ደሳለኝ ብቻዬን ጠርተው ወረቀቱን መለሱልኝ። አንድም ስሕተት አልተገኘበትም፤ መጨረሻው ላይ ግን ከ«ባይ» ጀምሮ ያለው በቀይ ተሰርዟል።

«ሕጉን ታውቂዋለሽ» አሉኝ። «ሠሪው ካልታወቀ ወይም ካላስፈለገ ባይ ይቀራል።»

«ሠሪዋ ትታወቃለች እኮ፣ ቲቸር።»

«አውቃለሁ» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለራስሽ ብዬ ነው ልጄ። ማጉያው ሠፈር ድረስ ይሰማል፣ አንቺ ደግሞ ነገም የምትማሪው እዚሁ ነው። በቃ፣ ባይ ይቀራል።»

«ባይቀርስ?»

ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ቲቸር ደሳለኝ የቃሉ አገጣጠም ገብቷቸው ሊስቁ ምንም አልቀራቸው። ከዚያ ፊታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ካልቀረ ሰላም የራሷን ታነባለች አሉኝ።

ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ዛሬም እላለሁ። አዝነውልኝ ነው። እኔን ያንገበገበኝም ማዘናቸው ነው፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ማይክሮፎኑን ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ክፉኛ ፈልጌዋለሁ። ለሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ማንኪያ ይዤ ስለማመድ ከርሜያለሁ። ያን ቀን ወደ ቤት ስወርድ በራችን ላይ ስድስት ድስቶች ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። የማን ናቸው ቢባል ያን መንገድ የሚረግጥ ሰው ሁሉ ይናገራል። እናቴን አላማከርኳትም፤ ባማክራት ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ።

ዓርብ ወረቀቱን ይዤ ገባሁ። ቲቸር ደሳለኝ መሣሪያው አጠገብ ቆመዋል። ሰላም የራሷን ጽሑፍ ይዛ ከኋላዬ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ማይክሮፎኑ የብዙ ሰው ትንፋሽ ይሸታል። አፈሩን አመጣሁት፣ ወቀጥኩት፣ አቦካሁት፤ ድምፄ ከጣራው ላይ እየተመለሰ ሲሰማኝ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ኢት ዋዝ ሜድ» አልኩና ቀዩ መስመር ጋ ደረስኩ። እዚያ ላይ ብቆም የጎደለ ነገር አለ የሚል ሰው አይኖርም፣ ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው። እናቴ ከውስጡ ወጥታም ሙሉ መሆኑ ነው ያስቆጣኝ። «ባይ ማይ ማዘር» አልኩ። ይህ አልበቃኝም፣ «አስካለ» ብዬ ስሟን ጨመርኩ። እንግሊዝኛ የማይገባው ሰው እንዳይኖር ደግሞ በአማርኛ መለስኩት፤ የሠራችው እናቴ አስካለ ናት አልኩ።

ቲቸር ደሳለኝ እጃቸውን ዘርግተው ማጥፊያውን ተጫኑ። ግቢው ውስጥ አንዱ አፏጨ፣ ከዚያ ሳቁ መጣ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ማይክሮፎኑ አጠገብ አልደረስኩም። ሰላም ከዚያ በኋላ ወዳጄ ሆነች ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ አልሆነችም። ሰኞ ዴስክ ቀየረች። እኔም ወደ መስኮት ዞሮ መብላቱን ተውኩት።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። እናቴ እጇ ጭቃ እንደሆነ ብድግ አለች። «ማን ስሜን ጥሪ አለሽ?» አለችኝ። ተቆጥታ ሳይሆን ፈርታ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። «እኔ ለምጄዋለሁ። አንቺ እንድትለምጂው አልፈልግም።»

«እኔም መልመድ አልፈልግም» አልኳት። «ድስቷን ማን ሠራት ታዲያ?»

ተመልሳ ጎንበስ አለችና የጭቃውን ዙሪያ መዞር ጀመረች። አንድ ሁለቴ እንደዞረች፣ ዓይኗን ከጭቃው ሳታነሣ፣ «እኔ ደግሞ ምን ባይ ነው ስልሽ ነበር» አለች። «ለካ እምቢ ባይ ነው።»

በመስከረም ለስምንተኛ ክፍል ስመዘገብ አብራኝ መጣች። መዝጋቢው የእናት ሥራ ሲል አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ፤ ሸክላ ሠሪ ብለህ ጻፍ አለችው። መዝጋቢው ቀና ብሎ አያት። ጽፎ እስኪጨርስ ከጠረጴዛው አልተንቀሳቀሰችም።

ዛሬ እኔም እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ያንኑ ሕግ አስተምራለሁ፣ ፈተና ላይ ይመጣላ። ሠሪው ካልታወቀ ይቀራል የሚለው ጋ ስደርስ ግን፣ አልታወቀም ከማለታችሁ በፊት ጠይቃችኋል ወይ እላቸዋለሁ። ልጆቹ አመሏ ነው ብለው ይተውኛል። ያኔ የሠሪዋ ስም ያሳፍር ነበር፤ ድስቷም ጓዳ ውስጥ ጥላሸት ለብሳ ነበር የምትኖረው። አሁን ድስቷ መብራት በርቶላት መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች፣ እንግዳ ሁሉ ፎቶ ያነሣታል፣ የሚያፍርባትም የለም። ስሙ ግን አሁንም የለም። ያኔ ደብቂ የሚል ነበረ፤ አሁን ደብቂ የሚል ጠፋ፣ ማን ሠራት የሚልም አብሮ ጠፋ። የቱ እንደሚብስ እንጃ። «ባይ»ም ካርዱ ላይ ቁጭ ብላለች፣ ከኋላዋ ግን ባለቤት የሌለው እጅ አስከትለውባታል። እጅ ብቻውን ሸክላ ሲሠራ እኔ አይቼ አላውቅም።

ድስቷን ይዤ ከሱቁ በቀጥታ ወደ እናቴ ወረድኩ። ጣቶቿን ቁርጥማት ስለያዛት ሥራውን ካቆመች ሰንብታለች፤ ጓሮው አሁን ጎመን ነው የሚበቅልበት። ድስቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በአውራ ጣቷ የድስቷን አፍ ዞረችው፣ ከዚያ ውስጧን ዳበሰች። ጊዜም አልፈጀባትም።

«የዘነበች ናት» አለች።

ዘነበች እናቴ ሥር ተቀምጣ ሥራውን የተማረች የጎረቤታችን ልጅ ናት፣ አሁን እሷም የልጆች እናት ናት። በምን አወቅሽ አልኳት።

«አፉን ስትጨርስ ወደ ግራ ትስበዋለች። ስንቴ ተናገርኳት፣ እምቢ አለች።»

ከቦርሳዬ የማርሚያ ቀይ እስክርቢቶዬን አወጣሁ። ካርዱ ላይ «ሃንድ» የምትለውን ሰርዤ፣ ከ«ባይ» ቀጥሎ ዘነበች ብዬ ጻፍኩ። እናቴ ምን እንደጻፍኩ ጠየቀችኝ፣ አነበብኩላት። ፊደል ባትለይም ካርዱን ተቀብላ ብዙ አየችው። እዚያ ሱቅ ሌላ አለ ወይ አለችኝ። መደርደሪያ ሙሉ አልኳት።

ያኔ ማን ስሜን ጥሪ አለሽ ያለችኝ ሴት ተነሥታ ነጠላዋን ከሚስማሩ ላይ አወረደች። «ተነሺ እንግዲህ፣ ሳይዘጉ» አለችኝ። «እኔ የማን የማን እንደሆነ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ።»