የተመሰከረለት ሥራ

ቅናት አያውቀኝም የሚል ሰው ካለ ይምጣና ያናግረኝ። እኔን ቅናት አሳምሮ ያውቀኛል።

ጓደኛዬና እኔ ለነዳጅ ጉድጓድ ቫልቭ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ቆመን አሽገናል። የነዳጁ ሥራ ሲቀዘቅዝ ፋብሪካውም ቀዘቀዘ። መጀመሪያ ኦቨርታይም ቀረ፣ ቀጥሎ የማታው ሺፍት ተዘጋ፣ ከዚያ ሌይኦፍ አለ፣ ሰው ይቀነሳል ተባለ። ሦስት ቀን አብረን ጾምን፤ እጅ ለእጅ ተያይዘን "ጌታ ሆይ፣ ሁለታችንንም" ብለን ጸለይን። እኔን አስወጡኝ፣ እሷን አስቀሯት።

የዚያን እሑድ ቸርች ውስጥ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ማይኩን ያዘች። "ጌታ ሥራዬን ጠበቀልኝ!" ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ። እኔም ከኋላ ወንበር ጥርሴን ነክሼ "አሜን" አልኩ። የኔንስ? አንድ ጾም አልነበር እንዴ የጾምነው?

ብዙም ሳይቆይ እሷና ባሏ ሳቫና የሚባል ሰፈር አዲስ ቤት ገዝተው ገቡ። ለቤቱ ምረቃ ሄጄ ኩሽናውን፣ ደረጃውን፣ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ሳይቀር ሳይ አንጀቴ አረረ። እኔ ማርልቦሮ ሰፈር ቤዝመንት ተከራይቼ፣ በመስኮቴ የማየው የሰው ጫማ ነው። "ይባረክላችሁ" እያልኩ በልቤ ክፍሎቹን ቆጠርኩ።

ስወጣ በሩ ጋ ያዝኳት።

"ስሚ፣ ለሱፐርቫይዘሩ ስለኔ ንገሪልኝ። ሰው ሲፈልጉ እኔን ይጥሩኝ።"

"እሺ የኔ ቆንጆ" አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ።

ሳምንት ጠበቅኩ፣ ወር ጠበቅኩ፤ ወፍ የለም። ስደውልላት "ቢዚ ነኝ፣ ሺፍት ላይ ነኝ" ትላለች። ነቃሁብሽ አልኩ። እንድመለስ አትፈልግም! ባሌ "አንቺ ሴትዮ፣ ሌላ ወሬ የለሽም?" እስኪለኝ ድረስ አማኋት።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ለልጄ የበረዶ ጫማ ልገዛ ሞል ስሄድ መኪናዋን ፓርኪንጉ ጥግ አየሁት። በሥራ ሰዓት! እኔ ሥራ አጥቼ እሷ ዴይ ኦፍ ወስዳ ሾፒንግ? ደሜ ፈላ። ዛሬስ አልለቃትም ብዬ በበረዶው ላይ እየተንሸራተትኩ ሄድኩ።

መኪናው ውስጥ ነበረች። የፋብሪካውን ጃኬት ለብሳ፣ ሞተሩን አጥፍታ፣ እግሯን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ከምሳ ዕቃዋ ትበላለች። ስታየኝ ማንኪያው ከእጇ ወደቀ።

ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ለምረቃው ስትመጪ እኔንም ከሥራ ካስወጡኝ አምስት ቀኔ ነበር" አለችኝ። "በማይክ መስክሬ ሕዝቡን እልል አስብዬ፣ አሁን ምን ብዬ ልመለስ? ባሌ ራሱ አያውቅም። ጠዋት ምሳዬን ይዤ እወጣለሁ፣ ሺፍቱ እስኪያልቅ እዚህ እቆያለሁ።"

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ጌታ ይቅር ይበለኝና ለአፍታ ውስጤ እልል አለ። እኩል ሆንን አልኩ በልቤ። ግን አልበቃኝም።

"ታዲያ 'እሺ' ብለሽ ለምን ዋሸሽኝ? ሥራ ሳይኖርሽ ለማን ልትነግሪልኝ ነበር?"

"አልዋሸሁሽም። ሳትጠይቂኝ በፊት ነው የነገርኩልሽ። ባጄን ሳስረክብ ስምሽን በወረቀት ጽፌ ለሱፐርቫይዘሩ ሰጠሁት። ሥራ ከተከፈተ መጀመሪያ እሷን ጥሩልኝ፣ ከኔ ቀድማ የወጣች እሷ ናት አልኩት።"

ምሳ ዕቃዋን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ማንኪያው አንድ ስለነበር ተራ በተራ በላን።

ፋብሪካው እስከ ዛሬ ማናችንንም አልጠራም። ቅናቱም አልለቀቀኝም፤ አሁን ግን የምቀናው በቤቷ አይደለም። በዚያች ወረቀት ነው። እኔ ብሆን ኖሮ የራሴን ስም ነበር የምጽፈው።