ሲቭ ኑርሊን ያልነካችው ወረቀት

የሄልቪከን ማዘጋጃ ቤት ማሞቂያና ቧንቧ፣ የበር ማጠፊያና ቁልፍ ሳይቀር፣ ሃያ ሁለት ዓመት በእኔ እጅ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ያዞራል። ማን እንደሚሠራና ማን የሚሠራ እንደሚመስል ከአለቆቹ በፊት የሚያውቀው የጥገና ሰው ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ሥራዋን እንደ ሙያ የያዘች አንድ ሰው ጥቀስ ብባል ሲቭ ኑርሊንን እጠቅሳለሁ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች።

ጊዜው ማመልከቻ ገና በወረቀት የሚመጣበት ነበር። ሲቭ ጠዋት ለሁለት ሃያ ጉዳይ ላይ የፖስታ ሳጥኑን ትከፍታለች። የማህተሙን ቀን በአውራ ጣቷ ታዞርና ቁራጭ ወረቀት ላይ አንዴ መትታ ትሞክረዋለች። ቀለሙ ከደበዘዘ ትሞላለች እንጂ በደበዘዘ ማህተም ሥራ አትጀምርም። ከዚያ በኋላ የሚገባው ወረቀት ሁሉ፣ የአጥር ክርክርም ይሁን የትምህርት ቤት ምሳ ዝርዝር፣ ቀንና ቁጥር አግኝቶ ቦታው ይገባል። ሰላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ስትሠራ አንድ ወረቀት ጠፋባት ሲባል አልሰማሁም።

በእኛ አገር ማዘጋጃ ቤት የገባ ወረቀት የሕዝብ ነው፤ የሥራ ማመልከቻም ቢሆን። ማንም ሰው ከመንገድ ገብቶ «ለዚህ ቦታ እነማን አመለከቱ?» ካለ ዝርዝሩ ሳይዘገይ ይሰጠዋል። ጠያቂውን «ማነህ? ለምን ፈለግኸው?» ማለት ክልክል ነው። ሲቭ ይህን ደንብ እንደ ጸሎት ታውቀዋለች።

ከተማው ደግሞ ዘዴውን ያውቃል። ካለበት መሥሪያ ቤት ተደብቆ ሌላ ሥራ የሚፈልግ ሰው ማመልከቻውን ቀደም ብሎ አያስገባም። የመጨረሻው ቀን እስኪደርስ ጠብቆ፣ በሩ ሊዘጋ ሲል፣ ለአስር አምስት ጉዳይ ላይ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ይመጣል። እኛ «የአምስት ጉዳይ ሰዎች» እንላቸው ነበር። ያን ቀን በኮሪደሩ የሚተላለፉ ጎረቤታሞች ሰላምታ አይለዋወጡም፤ ማንም ማንንም አላየም።

ቦርዬ ግን የአምስት ጉዳይ ሰው አልነበረም።

ቦርዬ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ውስጥ ሠላሳውን ያሳለፈው በስቴላን ድርጅት ነው። እሱ የበየደው መጋጠሚያ ሲያንጠባጥብ አላየሁም፤ ይህን የምለው ሌላው የበየደውን ስጠግን ስለኖርኩ ነው። ያን ክረምት የከተማው ውሃ ማጣሪያ አንድ ተቆጣጣሪ ይፈልጋል የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ደረቅ ወለል፣ ሙቅ ክፍል፣ ቆሞ የሚሠራ ሥራ። ማመልከቻው ሊዘጋ ገና ዐሥር ቀን ሲቀረው ቦርዬ ግልጽ የፕላስቲክ ማኅደር ይዞ መዝገብ ቤት ገባ። እኔ መስኮቱ ሥር ተንበርክኬ ከማሞቂያው አየር አስወጣ ነበር።

«አንተ ቦርዬ፣ ምን ፈሰሰ? የጠራህ እኮ የለም» አለችው ሲቭ።

«ምንም አልፈሰሰም። ማመልከቻ ነው።»

«ገና ዐሥር ቀን አለህ።»

«ሥራ ከቀኑ ቀድሞ ነው የሚያልቀው።»

እኔ ከወለሉ ላይ፣ «አምስት ጉዳይ የሚባል ነገር አልሰማህም?» አልኩት።

«ሌባ ነኝ እንዴ፣ መብራት ሲጠፋ የምገባ? አንተ ማሞቂያህን አስተንፍስ።»

ማኅደሩን ባንኮኒው ላይ አኖረው። ሲቭ አልነካችውም። ሁለት እጇን የሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተች።

«ምን ምን አለበት?»

«ደብዳቤ። የሥራ ዝርዝር። የብየዳ ምስክር ወረቀቶች። ከኋላ ደግሞ የሐኪም ወረቀት።»

«የምን ሐኪም?»

«ጉልበቴ አልቋል። ሁለቱም። ከሁለት ዓመት በላይ ተንበርክኬ መሥራት እንደማልችል ጽፎልኛል። ለምን ቦታ እንደምቀይር ይወቁት ብዬ ነው። መደበቅ አልወድም።»

«ማስታወቂያው የሐኪም ወረቀት አምጡ ይላል?»

«አይልም።»

«አንተ ቧንቧ ስትቆርጥ ከተለካው በላይ ትቆርጣለህ?»

«አብጃለሁ?»

«ወረቀትም ያው ነው። ይሄ ማህተም ከወረደበት በኋላ ማንም ሰው አሳዩኝ ሊለኝ ይችላል። የትኛው ወረቀት ይሰጥ፣ የትኛው ይሸፈን የሚለውን ከዚያ ወዲያ አንተ አይደለህም የምትወስነው። እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። ጠበቆቹ ይከራከሩበታል። እነሱ ሲከራከሩ ደግሞ ዳቦ ጋጋሪው፣ አማትህ፣ ስቴላን ሰምተው ይጨርሳሉ።»

የስቴላን ስም ሲነሳ የቦርዬ ዓይን ማኅደሩ ላይ ወደቀ። ምክንያቱን ሦስታችንም እናውቀዋለን። ስቴላን ክፉ ሰው አይደለም፤ ደሞዝ በቀኑ ይከፍላል፣ በገና ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ግማሽ ካም፣ የአሳማ ጭን ሥጋ፣ ይልካል። ግን የራሱ ሰው ሌላ በር ሲያንኳኳ ካገኘው አይምርም። ከሦስት ዓመት በፊት ቶርጊል የሚባል ወጣት ሠራተኛውን እንዲህ አገኘው። ማባረር ሕጉ አይፈቅድለትም፤ ስለዚህ አላባረረውም። ክረምቱን በሙሉ የባሕር ዳርቻ ጎጆዎችን የፍሳሽ ጉድጓድ ብቻ አሠራው። ለቶርጊል የተረፈው ሽታ ነበር። ለቦርዬ ግን አንድ ክረምት ጉድጓድ ውስጥ መንበርከክ ማለት ጉልበቱን እዚያው ቀብሮ መውጣት ነው። ለዚያውም ሐኪሙ የጻፈው ስቴላን እጅ ከገባ፣ «አልቆበታል» የሚለው ቃል ከተማውን ለማዳረስ ከአንድ ቀን በላይ አይፈጅበትም፤ ያለቀበትን ሰው ደግሞ የሚቀጥር የለም።

ሕግን አጥብቆ የሚያነብ ሰው ወረቀቱ ባንኮኒው ላይ ካረፈ ገብቷል ሊል ይችላል። ሲቭ ግን የራሷ ወሰን ነበራት፤ እሱም እጇ ነው። በእጇ እስክትቀበለው ድረስ የባለቤቱ ነው።

ቦርዬ የሐኪሙን ወረቀት ከማኅደሩ ስቦ አወጣና አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

«ሌላውንስ? ይዤው ልሂድና በመጨረሻው ቀን ልምጣ?»

«የአንተ ውሳኔ ነው።»

ጥቂት አሰበ። ሥራውን ቀድሞ የማስረከብ ኩራት እንደ ዝገት ነው፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም። «ምቺው» አላት። ኪሷ የነበረው እጇ ወጣ፤ ማህተሙን መታችበት።

በአራተኛው ቀን ማሞቂያው እንደገና መንኳኳት ጀምሮ ስለነበር ተመልሼ መስኮቱ ሥር ነበርኩ። ስቴላን በረዶውን ከጫማው እያራገፈ ገባ። ማንም አልነገረውም። ማዘጋጃ ቤቱ የቧንቧ ሙያ የሚጠይቅ ቦታ ባወጣ ቁጥር፣ ዓሣ አጥማጅ መረቡን እንደሚያይ፣ መጥቶ የሚያይ ሰው ነው።

«ሲቭ፣ አለሽ ገና?»

«መሞቴ እስካሁን አልተመዘገበም። ምን ልስጥህ?»

«የውሃ ማጣሪያው ቦታ። እነማን አሉበት?»

ሲቭ ተነሳች። ከማንኛውም ቀን አልፈጠነችም፣ አልዘገየችም። ሦስት ስም ያለበትን ዝርዝር ሰጠችው። ስቴላን ጣቱን በስሞቹ ላይ ሲያወርድ አየሁት፤ ሁለተኛው ላይ ቆመ።

«የዚህን ወረቀቶች ልይ።»

አመጣችለት። አንድ በአንድ ገለጠ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ገለጠ።

«ይሄ ብቻ ነው?»

«ፋይሉ ይሄ ነው።»

«ሰሞኑን እያነከሰ ነው። ምን እንደሆነ አልነገረሽም?»

እኔ የማሞቂያውን ቁልፍ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ሲቭ ያን ወረቀት አይታዋለች። ዋሽታ ደግሞ አታውቅም።

«ስቴላን፣ መዝገብ ቤት ነው የመጣኸው። እዚህ የምሰጥህ የተመዘገበውን ነው፤ የተመዘገበው ሁሉ እጅህ ላይ አለ። ሰው የነገረኝንና ያየሁትን ግን ለማንም አልሰጥም፤ አንተ ብትነግረኝም እንደዚያው ነው።»

«አንቺ ሴትዮ ከግድግዳ ትብሻለሽ» አለና ኮፒውን አጥፎ ወጣ።

በሩ እንደተዘጋ ተነሳሁባት።

«ነገ ና ብትዪውስ ኖሮ? ማባዣው ተበላሽቷል ብትዪውስ?»

«ተበላሽቷል?»

«አልተበላሸም።»

«እንግዲያውስ።»

ተቀመጠች። ከዚያም እስከዚያ ቀን ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። አባቷ የመጋዝ ቤት ሠራተኛ ነበር። ለመንግሥት የወደብ መብራት ጠባቂነት አመልክቶ ቦታው ለአንድ ሹም የእህት ልጅ ተሰጠ። አባቷ በሥራ ልብሱ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ የአመልካቾቹን ወረቀት አሳዩኝ አለ። ማንነቱን ማንም አልጠየቀው። የሹሙ የእህት ልጅ አንድ ቀን እንኳ ጀልባ ላይ ሠርቶ እንደማያውቅ አነበበ፣ ይግባኝ ጻፈ፣ ቦታውን አገኘ።

«ያን ቀን ባንኮኒው ላይ የነበረው ሰው ‹ነገ ና› ቢለው ኖሮ እኛ አምስት ልጆች በምን እናድግ ነበር? ይሄ በር ለአባቴ የተከፈተ በር ነው። ለስቴላን ልዘጋው አልችልም። ለአባቴም መዝጋት ይሆንብኛል።»

«ቦርዬስ?»

ስልኩን አነሳች። ቦርዬ ትምህርት ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ የውሃ ማሞቂያ ይሠራ ነበር፤ የጥበቃው ሰው ጠራላት።

«ቦርዬ፣ ሲቭ ነኝ። ያመለከትክበት ዝርዝር ዛሬ ተጠይቋል።»

ከዚያኛው ጫፍ ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማ። «ማነው የጠየቀው?»

«ማንነት አልጠይቅም፤ ማንነትም አልናገርም። የጠየቀውም መብት አለው። የተሰጠው ግን ማኅደርህ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ኪስህ ውስጥ ያለው አሁንም ኪስህ ውስጥ ነው። ገባህ?»

ቀፎውን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«እኔ አንተን ብሆን ዛሬ ማታ ቤቴ ከመግባቴ በፊት ለአለቃዬ በራሴ አፍ እነግረው ነበር። ይሄ ከመዝገብ ቤት አይደለም። ከሲቭ ነው።»

የቀረውን ቦርዬ ራሱ ነው የነገረኝ። መፍቻውን አጥቦ ሳጥኑ ውስጥ መልሶ ወደ ስቴላን ግቢ ነዳ። ስቴላን የመኪና ጎማ እየነፋ ነበር።

«ለማዘጋጃ ቤት ሥራ አመልክቻለሁ» አለው ቦርዬ። «ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው።»

ስቴላን ፓምፑን ሳይለቅ፣ «ቀድሜሃለሁ» አለ። ኮፒውን ከኪሱ አወጣ። «ለነገ ጠዋት ጉድጓድ አዘጋጅቼልህ ነበር። ሠላሳ ዓመት አብሬህ ሠርቼ ስምህን ወረቀት ላይ ላንብብ?»

ቦርዬም እጁን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። የሐኪሙን ወረቀት አውጥቶ ሰጠው። ስቴላን አነበበ፣ አጠፈ፣ መለሰለት።

«ለምን ጉልበትህን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ጉድጓድ ውስጥ ማንን ታስገባ ነበር?»

«ራሴን። ሆዴ ባይገባም።»

«ስቴላን፣ ከከተማው ደውለው ስለ ሥራዬ ይጠይቁህ ይሆናል።»

«ይጠይቁኝ።»

«ስለ ሥራዬ ብቻ ንገራቸው። ሌላውን ጊዜው ሲደርስ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ስቴላን ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ አየው፤ ሞልቷል። «ስለ ሥራህማ ምን እላለሁ» አለ። ይቅር ብሎታል ማለት አይደለም። እስከ ፀደይ ድረስ ከሥራ በስተቀር አላናገረውም፣ ግማሹ ካምም በዚያ ገና አልመጣም። ጉድጓዱ ውስጥ ግን ሌላ ሰው ገባ። ከከተማው ሲደወልለት ደግሞ የተናገረው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ቦርዬ የሠራው አያንጠባጥብም፣ ሲወጣም ወለሉን ጠርጎ ነው የሚወጣው። ስለ ማንከስ አልተነፈሰም።

ቦታውን ቦርዬ አገኘ።

በመከር ወቅት አንድ ቀን መዝገብ ቤት ውስጥ የመደርደሪያ ማጠፊያ ስቀይር ቦርዬ የማጣሪያውን ሰማያዊ ጃኬት ለብሶ ገባ። አለቃው የምትስተካከል ወንበርና ዝቅ ያለ መሰላል ሊገዛለት ስለሆነ የሐኪም ማስረጃ ተጠይቋል። ከደረት ኪሱ ያንኑ ወረቀት አወጣ። ከመታጠፉ ብዛት አራት ቦታ ሊቀደድ ደርሶ ነበር።

«ይኸው፣ አሁንስ ትቀበይኛለሽ?» አለና ባንኮኒው ላይ ዘረጋው።

የሲቭ እጅ ኪሷ ገባ።

«እዚህ አይደለም። የሠራተኞች ጤና ክፍል ኮሪደሩ መጨረሻ ነው፣ በግራ። እዚያ ቁልፍ ያለው ሳጥን አላቸው፤ ቁልፉን የሠራው ይሄ ሰውዬ ነው።» በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። ከመሳቢያዋ ባዶ ፖስታ አውጥታ ባንኮኒው ላይ ገፋችለት። «መጀመሪያ ራስህ አሽገው።»

ቦርዬ የፖስታውን ጫፍ በምላሱ አርሶ አሸገ፣ በመዳፉ ሁለቴ ተጭኖ መያዙን አየ፣ በግራ በኩል ሄደ።